ጠገራ ብርና የጁባ ጥያቄ

በታኅሣሥ ወር 2008 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ፓውንዱ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በፈቀደ ጊዜ፣ በባንክ ከ3 ፓውንድ ባነሰ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በአንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። በጥቁር ገበያማ ፓውንዱ አስቀድሞ ወርዶ ነበር። ጁባ ውስጥ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ጥሪቱን በወረቀት ፓውንድ ያኖረ ሁሉ፣ አገሬውም ሆነ እንግዳው፣ ከሣጥኑ አንዲት ፓውንድ ሳትጎድል ድሃ ሆኖ አደረ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናነሣ ከተማሪዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ታዲያ ሰው ገንዘቡን በብር ሳንቲም ቢያስቀምጥ አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከራሳችን ታሪክ ብንፈልገው የተሻለ ትምህርት እናገኝበታለን።

በመጀመሪያ፣ ብር በየትም ቦታ ዋጋ ያለው ነገር አለመሆኑን እናስታውስ። ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ፣ ከነጭ አባይ ማዶ በሚገኘው ጎንዶኮሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የዝሆን ጥርስ ንግድ ሲካሄድ የአገሬው ሰው የሚቀበለው ጨሌ፣ መዳብና ከሁሉ በላይ ከብት ነበር። ስለዚህ ብር ገንዘብ የሚሆነው ተቀባይ ሲኖረው ነው።

በእኛ አገር ተቀባይ ያገኘው ጠገራ ብር ነው። ይህ ሳንቲም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሲሆን፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከ6 እጁ 5ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ቀሩ። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ መልኩን ስለለመደው ቡናና ቆዳ በእርሱ ይሸጥ ነበር። ገበያተኛው የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቀር እየቆጠረ ይቀበል ነበር፤ ያለቀውን ወይም የደበዘዘውን አይቀበልም። በሳንቲሙ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍም ጠርዙን ሸርፎ ብር የሚሰርቅ ሰው እንዲታወቅበት የሚያደርግ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው አገሪቱ የራሷ ገንዘብ እንዲኖራት ፈለጉ። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት፣ የራሳቸው መልክና የአንበሳ ምስል ያለበት ብር በፓሪስ ተመታላቸው። በክብደቱም ሆነ በብሩ ጥራት ከጠገራው የሚያንስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ገበያው ቶሎ አላመነውም፤ የለመደውን ጠገራ መረጠ። ብዛቱም ከጠገራው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ተገላብጧል። ገበያ ያላመነው የምኒልክ ብር ጥቂት በመሆኑ ሰብሳቢዎች በብርቱ የሚፈልጉት ሆኗል፤ ገበያ ያመነው ጠገራ ደግሞ ብዙ ስለሆነ ዋጋው በአመዛኙ የያዘው ብር ዋጋ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ የብር ሳንቲም ሁለት ዋጋ እንዳለው ነው። አንደኛው የማዕድኑ ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው የብርቅነቱ ዋጋ ነው። በኋላ ዘመን መንግሥታት ሁለተኛውን ዐውቀው ለሰብሳቢ ብቻ በተወሰነ ቁጥር ማስመታት ጀመሩ። በአገራችንም 1970 ዓ.ም. የተጻፈባቸው፣ የደጋ አጋዘንና የጥንብ አንሣ ምስል ያለባቸው የብር ሳንቲሞች ለዱር አራዊት ጥበቃ ሲባል ተመትተዋል። ማንም በእነርሱ ጤፍ አልገዛባቸውም።

ታዲያ ብር ከኪሣራ ያድናል ወይ? እንደ ወረቀት ገንዘብ መንግሥት እንዳሻው አያበዛውም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ብዙ አገሮች ገንዘባቸውን ከወርቅ ጋር ሲያያይዙ የብር ዋጋ ወደቀ፤ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የነበረውም ጠገራ በዓለም ገበያ ዐብሮ ወረደ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 አንድ አውንስ ብር 50 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በማርች መጨረሻ 11 ዶላር እንኳ አልሞላም። ብርቅነትም ቢሆን ዋጋ የሚኖረው ፈላጊ እስካለ ድረስ ነው። ያለውን ሁሉ ወደ ብር የሚለውጥ ሰው አደጋውን ለወጠው እንጂ አላመለጠውም።

በ1780 የሚታመነውም ሰው እንዲሁ ይታለላል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የጠገራውን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በሮም አስመታ። ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይ መቱት። ሁሉም የያዘው ዓመት 1780 ነው። ስለዚህ የፊዚክስ መምህር ሳንቲሙን መዝኖ ውሃ ውስጥ ቢነክረው 28 ግራም ያህል መዝኖ ከ3 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያነሰ ውሃ ሊገፋ ይገባል። ይህ ፈተና የማዕድኑን እውነተኛነት እንጂ የሳንቲሙን ዕድሜ አይነግረንም። ዕድሜውን የሚነግሩን የቅርጹ ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ በአመድና በአሸዋ ሲወለወሉ ይጠፋሉ።

እኛ መምህራንን ይበልጥ የሚያሳስበንም ይህ ነው። ብዙ ጠገራ በአንጥረኛ ምድጃ ቀልጦ መስቀል፣ አምባርና ድሪ ሆኗል። ጌጡ የሚያምር ቢሆንም ሳንቲሙ ይዞት የነበረው ምስክርነት ከምድጃው አልወጣም። ተማሪዎቻችን በየቤታቸው ያለውን ሳንቲም ሳይወለውሉና ሳይሸጡ፣ ከማን እንደተወረሰና በምን እንደተገኘ አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ብናደርግ፣ ከዋጋ መውጣትና መውረድ ውጭ የሆነ ጥሪት እናተርፋለን። የጁባው ነጋዴ ያጣው ገንዘብ ነው፤ እርሱ ሠርቶ ይተካዋል። የቀለጠውን የምኒልክ ብር ግን መልሶ የሚመታው የለም።