በቡትቶ ከተማ የሞቱት

ላስ ቬጋስ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይም ታክሲ የሚነዱቱ፣ የሁቨርን ግድብና ግድቡ ያቆረውን የሚድ ሐይቅ ሳያውቁ አይቀሩም። በሐይቁ ዳርቻ ለአዳሪ በተከለለው ሥፍራ አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ትልልቅ የመኪና ቤቶች ይቆማሉ። ባለቤቶቻቸው የኤሌክትሪክ ገመዱን ከምሰሶው ላይ ይሰኩና መስኮቱን ዘግተው ምድረ በዳውን በመስተዋት ያዩታል። ማቀዝቀዣው እስካልተበላሸ ድረስ ሙቀቱ ወሬ ብቻ ነው። በዚሁ ሸለቆ በ1931 የበጋ ወራት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሌሎች ሰዎችም መኪናቸውን አቁመው ሰፍረው ነበር። የእነሱ አሰፋፈር ግን ሽርሽር አልነበረም።

በጋ ስንል የኛን ጥርና የካቲት እንዳይመስል። እኛ ጋቢ ተከናንበን የቆርቆሮውን ዝናብ በምናዳምጥበት በሰኔና በሐምሌ ነው የኔቫዳ ምድር እሳት የሚተፋው።

የነገሩ መነሻ ሥራ አጥነት ነው። በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከተንኮታኮተ በኋላ ሚሊዮኖች እንጀራቸውን አጡ። በኔቫዳና በአሪዞና ድንበር ላይ የኮሎራዶን ወንዝ የሚገድብ ታላቅ ሥራ ሊጀመር ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ በ1930 አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ወደ ነበራት ላስ ቬጋስ የሰው ጎርፍ ፈሰሰ። አሮጌ መኪና ያለው ፍራሹን ከጣሪያው ላይ አስሮ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ከድስትና ከብርድ ልብስ ጋር አጭቆ መጣ። መኪናው መጓጓዣም ጎጆም ሆነ።

በመጀመሪያው ዕቅድ ቦልደር ሲቲ የተባለች የሠራተኞች ከተማ ቀድማ እንድትሠራ፣ ግድቡ ከዚያ እንዲቀጥል ነበር የታሰበው። ይሁንና የፕሬዚዳንት ሁቨር መንግሥት ለሥራ አጡ ቶሎ ለመድረስ ሲል ጊዜውን አሳጠረው። በማርች 1931 ሲክስ ካምፓኒስ የተባለው የተቋራጮች ኅብረት ሥራውን በ48.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወሰደ፤ ከተማይቱ ሳትቆም ቁፋሮው ተጀመረ። ሐሳቡ ደግ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ለሰው ሥራ ሰጥቶ ማደሪያ መንሳት ምን ዓይነት ደግነት ነው?

ማደሪያ ያጣው ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። እዚያም ከድንኳን፣ ከካርቶን፣ ከብርድ ልብስና ከመኪና የተሠራ ሠፈር በቀለ። በወጉ ዊሊያምስቪል ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ራግታውን አለው፤ በኛ አነጋገር የቡትቶ ከተማ እንደ ማለት ነው። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። የሚጠጣው የወንዙ ውሃ ነው፤ ጭቃው እስኪጠል በዕቃ ይቀመጥና ይቀዳል፤ ተቅማጥም አብሮ ይመጣል። የዚያ በጋ የቀን ሙቀት በአማካይ ከ48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርስ ነበር። እናቶች አንሶላ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ሕፃናቱን ይጠቀልሉባቸው ነበር።

ሙቀት ሰው የሚገድለው እንዴት ነው? ገላችን የሚቀዘቅዘው ላባችን ሲተን ነው። አየሩ ከቆዳችን ሲብስ ነፋሱ ራሱ ትኩሳት ይጨምራል እንጂ አያሳርፍም፤ ያኔ የቀረን ላብ ብቻ ነው፣ ላብ ደግሞ ውሃና ጨው ይፈልጋል። ተቅማጥ ያደረቀው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ፀሐይ የዋለችበት ድንኳን፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪናም ቢሆን፣ ከውጪው አየር ይልቅ ይግላል። ገላ ሙቀትን መልመድ ይችላል፤ ይህ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከቀዝቃዛ አገር መጥቶ ሥራ ባገኘ ማግስት ዋሻ ለሚገባ ሰው ያንን ጊዜ የሰጠው አልነበረም። ከጁን 25 እስከ ጁላይ 26 ባለው አንድ ወር ውስጥ 16 ሠራተኞችና የወንዝ ዳር ነዋሪዎች በሙቀት ሞቱ። ሴቶችም ነበሩባቸው። ባል ዋሻ ሲቆፍር ሚስት ድንኳን ውስጥ ትሞት ነበር ማለት ነው።

በኦገስት 1931 የአንዳንዶቹ የቀን ደመወዝ ከ5 ወደ 4 ዶላር ሲወርድ ሠራተኛው ሥራ አቆመ። ካቀረቡት ጥያቄ መካከል ንጹሕ ውሃ፣ ለወንዝ ዳሩ ሠፈርም የበረዶ ውሃ ይገኝበታል። የሥራው የበላይ ኃላፊ ፍራንክ ክሮው አልተቀበሉትም፤ ከደጅ የሚጠብቅ ሥራ አጥ ሞልቶ ስለ ነበር አድማው ብዙም ሳይቆይ ከሸፈ።

በ1932 በጋ ከሃርቫርድ የድካም ምርምር ላቦራቶሪ የመጡ ሰዎች፣ ዴቪድ ብሩስ ዲል አንዱ ናቸው፣ ቦልደር ሲቲ ሰፍረው የሠራተኛውን ላብና ሽንት መረመሩ። ታማሚዎቹ ያጡት ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም እንደ ነበር፣ ሙቀቱን የለመደ ሰው ላብም ጨው እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ሐኪሞቹም ውሃ በብዛት ጠጡ፣ ምግባችሁ ላይ ጨው ጨምሩ ማለት ጀመሩ። ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ምስጋናውን ብዙዎች ለጨው ይሰጣሉ፤ በእኔ ግምት ግን ጣሪያውና የቧንቧው ውሃ ድርሻቸው አያንስም። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ ቆማለች፣ ሠራተኛውም ከድንኳን ወጥቷል።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1935 ውሃው መጠራቀም ጀመረ፣ የቡትቶ ከተማ የነበረበት ዳርቻም በሐይቁ ሥር ቀረ። በግድቡ ሥራ የሞቱት ስንት ናቸው ለሚል ጎብኚ ግድቡን የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መልስ 96 የሚል ነው። በውሃ የሰጠሙ፣ ድማሚት የገደላቸው፣ ናዳ የተጫናቸው፣ ከገደል የወደቁ፣ መኪና የደረሰባቸው በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ። ሙቀት የገደለው ግን፣ እንደ ሳንባ ምችና እንደ ልብ ሕመም ሟቾች ሁሉ፣ በሥራ ላይ ከደረሰ አደጋ አይቆጠርም ተብሎ ከ96ቱ ውጪ ነው።