የ1876 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1876 በአሜሪካ የተካሄደው ምርጫ፣ በመላ አገሪቱ ያነሰ የሕዝብ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ ሥልጣን መቀበል ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ክርክር እጅግ ያከረረ ነው። ዴሞክራቱ ሳሙኤል ቲልደን ሪፐብሊካኑን ራዘርፎርድ ሄይስን በሩብ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ቢበልጥም፣ ፕሬዚዳንቱን የሚሰይሙት በየግዛቱ የሚመረጡ ወኪሎች፣ ማለትም መራጭ ልዑካን በመሆናቸው፣ ለማሸነፍ ከሚያስፈልጉት 185 የልዑካን ድምፆች አንድ ጎደለው። ከፍሎሪዳ፣ ከሉዊዚያና፣ ከሳውዝ ካሮላይናና ከኦሪገን የመጡ 20 ድምፆች አከራካሪ ሆነው ሳለ፣ ኮንግረስ ያቋቋመው 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ሁሉንም ለሄይስ ሰጠ።

ሄይስ ሥልጣኑን መቀበሉ በሕግ አያስነቅፈውም፤ በደቡብ ጥቁር መራጮች በዛቻና በግድያ ከምርጫ እንዲርቁ ተደርገው ስለነበር የቲልደን ብልጫም ንጹሕ አልነበረም። የሚያስነቅፈው ሹመቱ ተቀባይነት እንዲያገኝ የተከፈለው ዋጋ ነው፤ በ1877 የሉዊዚያናንና የሳውዝ ካሮላይናን የሪፐብሊካን አስተዳደሮች ይጠብቁ የነበሩት የፌዴራል ወታደሮች ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ፣ ከባርነት ገና የወጡት ዜጎች ያለ ጠባቂ ቀሩ። ሄይስ ለአንድ የሥልጣን ዘመን ብቻ ለማገልገል አስቀድሞ የገባውን ቃል አክብሮ በ1881 ወረደ፤ የልዑካኑ ሥርዓት ግን ስላልተለወጠ በ1888፣ በ2000 እና በ2016 በሕዝብ ድምፅ የተበለጡ ተወዳዳሪዎች ፕሬዚዳንት ሆነዋል።