የአረብ ስደተኛ ቤተሰቦችና ቴሌቪዥን፦ አንድ ሳሎን፣ ሁለት አገር

በርሊን እንደደረስኩ በተመደብኩበት የስደተኞች መኖሪያ ጎረቤቶቼ ከሶሪያ የመጡ ቤተሰብ ነበሩ። ቴሌቪዥናቸው ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። አባትየው የዓረብኛ ዜና ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውላል፣ እናትየው የማታውን ድራማ ትጠብቃለች፣ ልጆቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው በጀርመንኛ ይስቃሉ። ኋላ በሌሎች የአረብ ቤቶችም ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤምቢሲ ከለንደን፣ በ1996 ደግሞ አልጀዚራ ከዶሃ በሳተላይት ማሰራጨት ጀመሩ። ዲሽ የሰቀለ ስደተኛ አገሩን ሳሎኑ ውስጥ አገኘ። ጀርመን ውስጥ አንዳንድ አከራዮች «ዲሽ ቤቱን ያበላሻል» ብለው ከለከሉ። በ1994 ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት፣ በአንድ ቱርካዊ ተከራይ ጉዳይ፣ የውጭ አገር ሰው የአገሩን ጣቢያ የማየት ፍላጎቱ መረጃ የማግኘት መብቱ አካል መሆኑን አከራዮች ችላ ሊሉት እንደማይገባ ወሰነ።

ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚያየው በተለይ በረመዳን ነው። ለወሩ ተብለው የሚሠሩ ድራማዎች ብዙውን ጊዜ 30 ክፍል ያህል ናቸው፣ በየቀኑ አንድ ክፍል ማለት ነው። በ2006 የጀመረው የሶሪያው «ባብ አል ሃራ» የድሮ ደማስቆን ሰፈር ያሳያል። ጎረቤቴ ከኢፍጣር በኋላ ይህን ከልጆቿ ጋር እያየች የዕቃውን፣ የግቢውን፣ የምግቡን ስም ታስረዳቸው ነበር። ቋንቋቸውን የያዙት እንዲህ ነው። ትንሹ ግን ካርቱን የሚያየው ፉስሃ በሚባለው የመጽሐፍ ዓረብኛ ስለሆነ፣ ሲናገር እንደ ዜና አንባቢ ነው እያሉ ይስቁበት ነበር።

ጉዳቱ ከዜናው ነበር። ልጁ የፈረሰ ቤት ባየ ቁጥር ሌሊት ይባንናል። አባትየው «የቀሩት ዘመዶቼ እዚያ ናቸው፣ እንዴት ልዝጋው?» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱ ተስማሙ፦ ዜና ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ድራማ ግን አብሮ። ልጁም ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ።

እኛም ካምፕ ውስጥ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን የአገር ቤት ወሬ እናያለን። ልጆቻችን አጠገባችን ተቀምጠው አብረው እንደሚያዩ አንርሳ። የሚያስደነግጠውን ለብቻችን፣ ቋንቋና ወግ የሚያስተምረውን አብረን ብናይ መልካም ነው።