አደራ እና ካርታ፦ የአትላስን ባዶ ቤቶች ማን ጠበቃቸው?

አንድ ቤት ባለቤቱ ሳይኖርበት ሃያ ዓመት እንዴት ይቆማል? አትላስ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው የሚገኙትን የድሮ ቪላዎች የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቃል። ግቢው ይጠረጋል፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ይከፈላል፣ በሩ ሲንኳኳ የሚከፍት ሰው አለ። ባለቤቱ ግን ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ነው፤ አንዳንዴም አስመራ።

በሩን የሚከፍተው ሰው ተከራይ አይደለም፣ ኪራይ አይከፍልም። ባለቤትም አይደለም፣ ካርታው በስሙ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደመወዝ ስለሌለው ተቀጣሪ ለማለትም ይቸግራል። አማርኛ ለዚህ ሰው ያለው ስም አንድ ነው፦ ባለአደራ።

◆ ስሙ አዲስ፣ ነገሩ አሮጌ

ፈረንጆች ይህንኑ ነገር «ሀውስ ሲቲንግ» ብለው ገበያ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ የተመሠረተው «ትረስትድ ሀውስሲተርስ» ከታወቁት አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለቤቱ ለእረፍት ወይም ለሥራ ሲሄድ ቤቱን፣ ውሻውንና አትክልቱን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። ጠባቂው ደግሞ ያለ ኪራይ የሚያድርበት ቤት ያገኛል። በሁለቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይተላለፍም፤ ለድርጅቱ የአባልነት ክፍያ ይከፈላል፣ ሲጨርሱም አንዱ ስለሌላው ምስክርነት ይጽፋል።

እዚያ ባለቤቱን ወደ ጠባቂ የሚገፋው ፍቅርና ዝምድና ብቻ አይደለም። ብዙ የቤት መድን ውሎች ቤቱ በተከታታይ 30 ወይም 60 ቀን ባዶ ከቆየ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ባዶ ቤት ገንዘብ ያስወጣል። በጽሑፍ የሚሰፍረውም ዋና ነገር ግልጽ ነው፦ ጠባቂው እንግዳ እንጂ ተከራይ አይደለም፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀንም ይታወቃል።

የአዲስ አበባው ባለአደራ የሚገባበት ቀን ይታወቃል። የሚወጣበትን ግን ማንም ጽፎት አያውቅም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ የሃምሳ ዓመት ታሪክ አለው።

◆ ኪራይ ሲከለከል

በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር የከተማዋ ምሥራቅ ተለወጠ። መንገድ ተከተለ፣ መንገዱን ቪላ ተከተለው። ሰፊ ግቢ፣ ከፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት፤ የዘመኑ የቦሌ ቤት መልክ ይህ ነበር። ሰርቪስ ቤቱ ለዘበኛና ለሠራተኛ የታሰበ ነው። በኋላ የባለአደራዎች ታሪክ የተጻፈው በዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ስለዚህ አዋጅ ሲወራ የሚነሳው ሁሌ የተወረሰው ቤት ነው። ያልተወረሰው፣ ማለትም ለባለቤቱ የቀረው አንዱ ቤት ግን ሌላ ዕዳ ይዞ ቀረ፤ አዋጁ የግል አከራይነትን ስላስቀረ ባለቤቱ ሊያከራየው አይችልም።

እንግዲህ በቀይ ሽብር ዘመን አገር ጥሎ የወጣ፣ ወይም ለትምህርት ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው ያለውን ምርጫ ማሰብ ነው። ማከራየት ክልክል ነው። ባዶ መተው ደግሞ ቤት ባጠረበት ከተማ፣ ቀበሌው በር በርን በሚያይበት ዘመን፣ ቤቱን ማጣት ሊሆን ይችላል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለው ባለቤት ሲኖር ነው። የቀረው መንገድ አንድ ሆነ፤ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ወይም የታመነ ዘበኛ ማስገባት። ያለ ኪራይ፣ ያለ ውል፣ በቃል። ምክንያቱም ወረቀት መጻፍ በራሱ አደጋ ነበር። ውል ያለው ነገር ኪራይ ይመስላል።

የቃል አደራ ልማድ የጠነከረው እንዲህ ነው። ሕጉ በሩን ሲዘጋ ዝምድና በጓሮ ገባ።

◆ ስም የተዋሰ ቤት

ከ1983 በኋላ ማከራየት ተፈቀደ፣ የውጭ ድርጅቶች መጡ፣ የቦሌ ቪላም በውድ የሚከራይ ሆነ። ያለአግባብ ተወስደዋል የተባሉ ንብረቶች የሚታዩበት አዋጅ ቁጥር 110/1987 ወጣ። በ47/1967 መሠረት የተወረሱት ግን የመንግሥት እንደሆኑ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ በውጭ የሚኖረው ሰው አዲስ ችግር ገጠመው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ገንዘቡን ልኮ ቤቱን በእናቱ፣ በወንድሙ ወይም በእህቱ ስም አሠራ። ጠባቂው በሰርቪስ ቤት የሚያድር ዘበኛ መሆኑ ቀርቶ ካርታው ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ሆነ።

አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ ይዘው፣ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን፣ ቤት እንዲኖራቸው ሲፈቅድ ክልከላው ተነሳ። ቀድሞ በሌላ ሰው ስም የተሠራው ቤት ግን በዚያው ስም ቆየ። እናት ስትሞት ቤቱ የውርስ ሀብት ይሆናል፤ ገንዘቡን የላከው ልጅ ከእህት ወንድሞቹ እኩል ይሰለፋል። ላኪው «ቤቴ» ይላል፣ ሌሎቹ «የእናታችን ቤት» ይላሉ። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው፤ ካርታው ግን የሚያወራው ስለ አንዲት ሟች ብቻ ነው።

◆ 1990፦ አንድ ወር የተሰጠው ቤት

የአደራ ከባዱ ፈተና የመጣው በጦርነቱ ነው። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. በኋላ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ትውልደ ኤርትራውያን ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ እንዲሁ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። በአዲስ አበባ ለትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤት፣ ለትዳር ዘመድ ወይም ለሥራ ባልደረባ ሰጥተው በአውቶቡስ ተጫኑ። የቻለ ውክልና ጻፈ፣ ያልቻለ ቃል ብቻ ተወ።

የኢትዮጵያ–ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም መንግሥታት በየበኩላቸው ተጠያቂ አድርጓል። በኢትዮጵያ በኩል ጥፋት ብሎ ከቆጠራቸው መካከል የተባረሩት ሰዎች ቤታቸውን እንዲሸጡ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ብቻ መሆኑ እና ከአንዳንድ ሽያጮች ላይ የተጣለው መቶ በመቶ የሆነ የቦታ ግብር ይገኙበታል። በሌላ አነጋገር፣ ሕጋዊው መንገድ ተሞክሮ ባዶ እጅ የሚያስቀር ሆኖ ተገኘ። አደራው ብቻ ቀረ።

አደራውስ ምን ሆነ? አንዱ መልስ አይበቃም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አስመራ ሲበር፣ ከዚያ የመጡ ሰዎች የድሮ በራቸውን ሊያንኳኩ ሄዱ። ጎረቤት ኪራዩን በስማቸው ሲሰበስብ የቆየላቸው ነበሩ። ቤታቸው ሁለት ሦስት እጅ ተሽጦ፣ በላዩ ፎቅ ተሠርቶ ያገኙትም ነበሩ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው የጠባቂው ሕሊና ነው፤ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ ዳኛው ሲርቅ አደራው መጥበቅ አለበት።

◆ ሕጉ የሚያውቀውና የማያውቀው

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ውል ይናገራል። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ቤት በአደራ አይሰጥም ማለት ነው፤ ቢያንስ በዚያ ስም። ቤትን ለሚጠብቅ ሰው ሕጉ የሚያቀርበው ውክልናን ነው።

ውክልና ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ቤቱን መጠገን፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል (አንቀጽ 2204)። ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ፍርድ ቤት ለመቆም ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት (አንቀጽ 2205)። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። በውጭ ያለው ሰው ኤምባሲ ሄዶ «ሁሉንም ጻፍልኝ» ይላል። ግብር ለመክፈል የታሰበው ወረቀት መሸጥን፣ መለወጥንና ማስያዝን ጨምሮ ይመጣል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ጠባቂው ቢሸጥ ሐሰተኛ ሰነድ አላቀረበም፤ የተሰጠውን ተጠቀመ።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአንቀጽ 1168 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን በእጁ አድርጎ ለአሥራ አምስት ተከታታይ ዓመት ግብሩን የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ለሌላ ሰው ብሎ የያዘ ግን ባለይዞታ አይባልም። ታዲያ ለሌላ ሰው መያዙን ምን ያሳያል? ወረቀት ነው። ወረቀት ከሌለ ቃል ለቃል ይሟገታሉ፣ የግብር ደረሰኙም በጠባቂው እጅ ነው።

◆ የጠባቂው ወገን

እስከዚህ የተነገረው ባለቤቱ ስለሚያጣው ነው። በውጭ ሲወራ የሚሰማውም ይኸው ብቻ ነው፦ «ዘመዴ ከዳኝ።» የጠባቂው ሒሳብ ግን ተሠርቶ አያውቅም።

ሃያ ዓመት ቤት የጠበቀ ሰው ኪራይ አልከፈለም፣ እውነት ነው። በሌላ በኩል ሃያ ዓመት ሙሉ ግቢውን ባዶ ትቶ ራቅ ያለ አገር ለቅሶ ሄዶ አላደረም። ጣሪያ ሲያፈስ ያስጠገነው እሱ ነው፣ ቀበሌ ሲጠራ የቆመው እሱ ነው። የራሴ የሚለው ቤት ለመያዝ አልሮጠም፤ ቤት አለውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ስለማይሸፍን፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት ዘበኛ እንኳ በዚያ አዋጅ የስንብት ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ደመወዝ የሌለው ዘመድማ ጭራሽ ስም የለውም።

ከዚያ ባለቤቱ ያርፋል። ውክልና ከወካዩ ሞት ጋር ያበቃልና ጠባቂው በአንድ ቀን ሥልጣን አልባ ይሆናል። አዲስ አበባን በክረምት እረፍት ብቻ የሚያውቁ ልጆች ቤቱን ለመሸጥ ደላላ ይልካሉ። ስድሳ ዓመት የሞላው ጠባቂ «ውጣ» ይባላል። እምቢ ቢል «አደራ በላ» ይሆናል። በአማርኛ ከዚህ የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ይሁንና እዚህ ሰው ላይ ከመወርወሩ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፦ የእሱስ ሃያ ዓመት የማን አደራ ነበር?

◆ ዛሬ ለምን ይነሳል?

ምክንያቱም የቃል ዘመን እያለቀ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ ባለመብቱን ወይም ሕጋዊ ወኪሉን ይጠራል። በከተማዋ መልሶ ማልማት ሲመጣም የመነሻ ማስታወቂያው የሚደርሰው በሩን ለሚከፍተው ሰው ነው። ካሳና ምትክ ቦታ ለመጠየቅ የሚፈርመው ግን ባለመብቱ ወይም ወኪሉ ነው። ውክልና የሌለው ጠባቂ ቤቱ ሲፈርስ ቆሞ ከማየት ሌላ የሚችለው የለም።

ደርግ ኪራይን በከለከለ ጊዜ ወረቀት አደጋ ነበር። ዛሬ አደጋው ወረቀት አለመኖሩ ነው፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። መፍትሔው ዝምድናን በጥርጣሬ መተካት አይደለም። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ማስተዳደርን ብቻ የሚፈቅድ፣ መሸጥን በግልጽ የማይጨምር ውክልና። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ቤቱን ለባለቤቱ ብሎ እንደያዘ የሚገልጽ፣ ግብሩም በባለቤቱ ስም እንደሚከፈል የሚናገር የሁለቱ ስምምነት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ ባለቤቱ ቢሞት ወይም ቢሸጥ ጠባቂው ስንት ወር ጊዜና ስንት ብር እንደሚያገኝ የሚወስን አንድ አንቀጽ።

ወንድምን «ፈርምልኝ» ማለት ያሳፍራል፣ እንዳልታመነ ያስቆጥራል። ግን ይህ ወረቀት የሚጠብቀው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። ሦስተኛው አንቀጽ የተጻፈው ለወንድም ነው።