የመዝገብ ነጥብና ኮማ፤ ከኮቦል ታሪክ ለማህበራት ሂሳብ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

እንደሚታወቀው የአንድ ኅብረት ሥራ ማህበር ጥንካሬ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ የሂሳብ መዝገቡ ነው። አባሉ ያስረከበው ምርት፣ የገዛው ዕጣ፣ በብድር የወሰደው ማዳበሪያ በትክክል በስሙ ካልሰፈረ እምነት ይጠፋል፤ እምነት ከጠፋ ደግሞ ማህበር የለም። በአሁኑ ጊዜ ይህ መዝገብ በብዙ ቦታ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ ይገኛል። ስለሆነም የንግድ ሂሳብ መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ምን ችግር እንደገጠመና እንዴት እንደተፈታ ማወቁ ለአባላትም ሆነ ለአመራር አካላት ይጠቅማል በሚል እምነት ይህች አጭር ጽሑፍ ተዘጋጅታለች። ታሪኩ ኮቦል ስለሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። የተለየ ማስታወሻ ከሌለ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮቦል እንዴት ተወለደ?

በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር አምራች ኩባንያ የራሱ ቋንቋ ነበረው። አንድ መሥሪያ ቤት መሣሪያ በለወጠ ቁጥር የደመወዝና የንብረት ፕሮግራሙን እንደገና ከመጻፍ በቀር አማራጭ አልነበረውም። ይህን ለማስቀረት በ1959 በሚያዝያ ወር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ምክክር ተደረገ። ቀጥሎም ሜይ 28 እና 29 ቀን በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አስተባባሪነት ተጠቃሚዎችና አምራቾች በአንድነት ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ለአዲሱ ቋንቋ ዋና መሠረት የሆነው ግሬስ ሆፐር የተባሉት የባሕር ኃይል መኮንንና የሂሳብ ሊቅ የመሩት ፍሎው-ማቲክ የተሰኘ ቀደምት ሥራ ነበር። ወይዘሮ ሆፐር ቀደም ብለው ፕሮግራም በምልክትና በቁጥር ሳይሆን የሂሳብ ሠራተኛው በሚያውቀው ተራ ቃል መጻፍ አለበት ብለው የተከራከሩ ሰው ናቸው።

ሥራው ያለችግር አልሄደም። የኮሚቴው አባል የነበሩት ሃዋርድ ብሮምበርግ በመጓተቱ ተማረው «ኮቦል» የሚል ስም የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ገዝተው ለሰብሳቢው ላኩ ይባላል። ድንጋዩ ዛሬም በሙዚየም ይገኛል፤ ቋንቋው ግን አልሞተም። በዲሴምበር 1960 አንድ ዓይነት የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ላይ ሠርቶ ታየ። ይህም ለጊዜው ታላቅ ውጤት ነበር።

ሰማንያ ዓምድ

በዚያ ዘመን ፕሮግራሙም ሆነ መረጃው የሚጻፈው በሚበሳ ካርቶን ላይ ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ከ1928 ጀምሮ ያሰራጨው ካርድ 80 ዓምድ አለው። ኮቦልም በዚሁ ልክ ተሰፋ። የመጀመሪያዎቹ 6 ዓምዶች የመስመር ቁጥር የሚጻፍባቸው ናቸው። ሰባተኛው ለልዩ ምልክት ተለየ። ትዕዛዙ ከ8 እስከ 72 ባለው ይጻፋል። ከ73 በኋላ ያለውን ኮምፒዩተሩ አያነበውም።

መረጃውም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ ለስም 20 ዓምድ፣ ለኪሎ 6 ዓምድ ይመደባል፤ ስሙ ካጠረ ቀሪው ባዶ ይተዋል። ይህ በመስመር እንደተዘራ በቆሎ ነው። እያንዳንዱ ነገር ቦታው ስለሚታወቅ መለያ ምልክት አያስፈልገውም።

ተርጓሚው ሲጮህ

ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ ነው። ተርጓሚው ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው የስህተት ዝርዝር ያወጣል። በኮቦል ታሪክ ይህን ዝርዝር በማስረዘም የሚታወቁ አራት ጥፋቶች አሉ።

የመጀመሪያው የነጥብ መቅረት ነው። በእኛ ጽሕፈት ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እንደሚዘጋ ሁሉ የኮቦል ዐረፍተ ነገርም በነጥብ ይዘጋል። አንዷ ነጥብ ከቀረች ተርጓሚው የሚቀጥለውን መስመር ከፊተኛው ጋር ያገናኝና በአንድ ጥፋት ብዙ ስህተት ይዘረዝራል። ሁለተኛው ትዕዛዙ ከ72ኛው ዓምድ ሲያልፍ ነው፤ የተረፈው ቃል እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሦስተኛው የጭረት ጉዳይ ነው። በኮቦል ስም በጭረት ስለሚያያዝ «ገቢ-ወጪ» ተብሎ ተጠግቶ ሲጻፍ አንድ ስም ይሆናል፤ ከገቢ ላይ ወጪ እንዲቀነስ ከተፈለገ በጭረቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ መተው ግድ ነው። አራተኛው የተከለከሉ ቃላት ናቸው። በ1985 ደንቡ ሲሻሻል «ኦርደር» እና «ክላስ» የመሳሰሉ ቃላት ለቋንቋው ብቻ ተከለሉ። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ለመረጃ ስም የተጠቀመ ፕሮግራም ለዓመታት ያለችግር ሲሠራ ቆይቶ በአዲሱ ተርጓሚ አላልፍ አለ። መፍትሔው ስሙን በገባበት ቦታ ሁሉ መለወጥ ነው።

ነባር ባለሙያዎች ያስተላለፉት ምክር አለ፤ የመጀመሪያውን ስህተት አርም፣ ከዚያ እንደገና አስተርጉም የሚል ነው። የኋለኞቹ ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ልጆች ናቸው። ቅጠሉ ቢጫ በሆነ ጊዜ ሥሩን የሚመረምር ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መስመርን በምልክት መቁረጥ

መረጃ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው መተላለፍ ሲበዛ ዓምድ መቁጠሩ አስቸጋሪ ሆነ። በየክፍሉ መካከል ኮማ ወይም ሌላ ምልክት አስገብቶ መላክ ቀለለ። በ1974 የወጣው የኮቦል ደንብ «አንስትሪንግ» የሚል ትዕዛዝ አካተተ። ትዕዛዙ አንድን ረጅም መስመር በተነገረው ምልክት እየቆረጠ በየመያዣው ያስቀምጣል። ጥንታዊው ጽሕፈታችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለይ እንደነበረ ሁሉ እዚህም መለያው ትልቅ ሥራ አለው።

ሆኖም መለያው በአግባቡ ካልተያዘ ጉዳት ያስከትላል። የአባል ቁጥር፣ ኪሎና ብር የያዘ አንድ መስመር እንውሰድ፤ 0117,85,1,250.50 ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ማለቱ ነው። ፕሮግራሙ ግን ሦስት ክፍል ብቻ ስለሚጠብቅ 0117፣ 85 እና 1 ብሎ ይወስዳል። 250.50 ትርፍ ሆኖ ይቀራል፤ አባሉ አንድ ብር ይታሰብለታል። ኮቦል ትርፍ ሲገኝ የሚደረገውን መናገሪያ ሐረግ አለው፤ ጸሐፊው ካልተጠቀመበት ግን መሣሪያው ሳይናገር ያልፋል።

የባሰም አለ። ኪሎው ሳይታወቅ ቀርቶ 0117,,1250.50 ቢጻፍ ሁለቱ ኮማዎች የባዶውን ቦታ ይጠብቃሉ። ተከታታይ ምልክቶችን እንደ አንድ ቁጠር ተብሎ ከታዘዘ ግን ብሩ በኪሎ መያዣ ይገባል። የብሩ መያዣ አዲስ ነገር ስላልደረሰው ቀደም ሲል የነበረውን እንደያዘ ይቆያል። ይህም ማለት ከፊት የተቆጠረው አባል ገንዘብ ለሚቀጥለው አባል ይታሰባል ማለት ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ አዲስ መስመር ከመቁረጥ በፊት መያዣዎቹን ማጽዳት፣ ከተቆረጠ በኋላም ስንት ክፍል እንደተገኘ ማስቆጠር።

በእኛ አገር ስም ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ገብረ ሥላሴ ወይም ወልደ ጊዮርጊስ የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ተለያይቶ ይጻፋል። ክፍት ቦታን መለያ ያደረገ ፕሮግራም ግማሹን ስም ለአባት ስም ይሰጠዋል፤ የአባት ስም ወደ አያት ይገፋል።

ዝም ያለ ስህተት

ከዚህ የምንረዳው የሚጮህ ስህተት ዝም ካለ ስህተት እንደሚሻል ነው። ተርጓሚው የጮኸበት ፕሮግራም ሳይታረም ሥራ አይጀምርም። ትርጉሙን ያለፈ ጥፋት ግን ገንዘብ እስኪያጎድል አይታወቅም። «ዕዳ ካለበት ዕዳውን ቀንስ ደብዳቤ ጻፍ» በሚል ትዕዛዝ ውስጥ «ቀንስ» ከሚለው ቃል በኋላ ነጥብ ከገባ ተርጓሚው አይቃወምም፤ ደብዳቤው ግን ዕዳ ላለበትም ለሌለበትም ይጻፋል። የ1985ቱ ደንብ «ካለ» የተባለው ትዕዛዝ የት እንደሚያበቃ በግልጽ የሚያሳይ መዝጊያ ቃል የጨመረው ይህን መሰል ጥፋት ለመቀነስ ነው።

ዓመትን በሁለት አኃዝ መጻፍም ዝም ካሉት ስህተቶች አንዱ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል 1965 «65» ተብሎ ተጻፈ። 2000 ሲቃረብ «00» ከ«99» በፊት ሊቆጠር መሆኑ ታወቀና በዓለም ዙሪያ አሮጌ ፕሮግራሞችን መስመር በመስመር መፈተሽ ግድ ሆነ። ያኔ በእኛ አቆጣጠር ገና 1992 ዓ.ም. ነበር። የራሳችን 2000 ዓ.ም. የገባው በእነርሱ በሴፕቴምበር 2007 ነው። በሁለት አቆጣጠር መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ዓመቱን በአራት አኃዝ ከነዓይነቱ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ሲሄድ መዝገቡ ይቀራል

ወይዘሮ ሆፐር በ1992 አረፉ። ኮቦል ግን በባንኮችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማገልገሉን ቀጠለ። በአፕሪል 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሥራ አጦች ሲበዙ የኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲያግዙ በይፋ ጠየቁ። ምክንያቱም ፕሮግራሞቹ ሲኖሩ የሚያውቋቸው ሰዎች አርጅተው ነበር።

ማጠቃለያ

ኮቦልን መማር ለማህበሮቻችን ግዴታ አይደለም። ትምህርቱ ግን ይሠራል። መለያው በጽሑፉ ውስጥ የማይገኝ አንድ ምልክት ይሁን። ብር ያለ ኮማ ይጻፍ። ያልታወቀው ክፍል ባዶነቱ ይታይ እንጂ አይዘለል። አባል በስሙ ብቻ ሳይሆን በቁጥሩም ይታወቅ። መረጃ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ወይም ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሻገር ከመሻገሩ በፊትና በኋላ የአባላት ብዛት፣ የኪሎና የብር ድምር ይመሳከር። ከሁሉም በላይ የመዝገቡ አያያዝ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ዛሬ ያለው ሂሳብ ሠራተኛ ነገ ላይኖር ይችላልና። አባላትም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍሉ ብቻ ሳይሆን ድምሩ ስለ መመሳከሩም ብትጠይቁ መብታችሁ ነው።

ለዩኒየኑ አባላት፣ ሠራተኞችና አመራር በሙሉ መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንልን!