የሚያየው ማን ነው? ከደብረ ብርሃን ሰማይ እስከ ማጅራታችን ጓዳ

ደብረ ብርሃን ስሙን ያገኘው ከማየት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) በዚያ ሰፍረው ሳሉ፣ በ1456 ገደማ፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ለቀናትም ሳይጠፋ ሰነበተ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት የእስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ሞተው ነበርና፣ ቤተ መንግሥቱ ብርሃኑን ፍርዱን ከሰማይ እንዳጸደቀ ምልክት አድርጎ ተቀበለው። ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፣ ቤተ መንግሥት ተሠራ፣ ከተማው ተቆረቆረ። ኋላ የመጡ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ያ ብርሃን በዚያው ዓመት በብዙ አገር የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ይህን የምናነሳው ስለ ኮከቡ ለመከራከር አይደለም። እኛን ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። ብርሃኑ አንድ፣ የገባበትም ዓይን ያው የሰው ዓይን ነው። የንጉሡ ሰዎች ማረጋገጫ አዩ። የተወገሩት ወዳጆችስ ምን አይተው ይሆን? የኮከብ አጥኚው ደግሞ በረዶና አቧራ ያያል። ታዲያ የሚያየው ማን ነው? ዓይን ነው ወይስ ከዓይን በስተጀርባ ያለ ሌላ ነገር?

ቋንቋችን ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ በውስጡ ይዞታል። ወጥ ስትሠራ የዋለች እናት «እስቲ ቅመሰውና እየው» ትላለች፤ መቼም ወጥ በዓይን አይቀመስም። ነገሩ የገባው ሰው «አሁን ታየኝ» ይላል፤ ተከራካሪውን የረታም «አየህ!» ይላል። በአብነት ትምህርት ቤት የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሊቃውንት «ልበ ብርሃን» ሲባሉ ኖረዋል። አበው ዓይነ ሥጋንና ዓይነ ልቡናን ለይተው ይጠሩ ነበር። ይህን ስንል አበው የአንጎልን ምስጢር ቀድመው ደርሰውበታል ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ትምክሕት አይበጀንም። ጥያቄውን ግን ያውቁት ነበር።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር እንውረድ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) ሸዋን ከዚህ ሆነው ገዝተዋል። በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ሻምበል ሐሪስ የንጉሡን መልክ ሲገልጽ ግራ ዓይናቸው የጠፋ መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም። ሆኖም ንጉሡ ሠራዊት መርተዋል፤ ችሎት ተቀምጠዋል፤ ከደጃቸው የደረሰውን እንግዳም ከእግር እስከ ራሱ መዝነዋል። ከሁለት ዓይን አንዱ ቢጠፋም የዓለም ግማሽ አልጠፋባቸውም። ለምን ይሆን?

ለዚህ መልስ ከሰጡት ታሪኮች አንዱ ከሩቅ ጦር ሜዳ የመጣ ነው። በ1904 እና በ1905 ጃፓንና ሩሲያ ሲዋጉ፣ በዘመኑ አዲስ የነበረው ጠመንጃ የሚተኩሰው ፈጣንና ቀጭን ጥይት የራስ ቅልን በስቶ ቢያልፍም ሁልጊዜ አይገድልም ነበር። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም፣ ለቁስለኞቹ የሚከፈለው ጡረታ እንዲወሰን የእይታቸውን ጉዳት የመመርመር ሥራ ተሰጠው። ያገኘውም ነገር ይህ ነው፦ ዓይናቸው ደህና ነው፤ ነገር ግን ጥይቱ ከማጅራት በላይ ያለውን የኋላ አንጎል በግራ በኩል ጎድቶት እንደሆነ፣ በሁለቱም ዓይናቸው ከቀኝ ያለውን ዓለም አያዩም። ኢኖዬ ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቀዳዳ ከጠፋው የእይታ ክፍል ጋር እያመሳከረ በ1909 የእይታን ካርታ በአንጎል ላይ አስቀመጠ። በዚያ ካርታ ላይ ትኩር ብለን የምናየው የመካከሉ ነጥብ ሰፊውን መሬት ይይዛል፤ ዳር ዳሩ ግን ቁራሽ ብቻ ይደርሰዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይን የሚወጣው ጅማት አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክር አለው። ክሮቹ መንገድ ላይ ይከፈላሉ፤ የቀኙን ዓለም የሚያወሩት ከሁለቱም ዓይን ተሰብስበው ወደ ግራ አንጎል፣ የግራውን የሚያወሩት ወደ ቀኝ አንጎል ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ዓይን ቢጠፋ የቀረው ለሁለቱም ወገን ያቀብላል፤ የሚጎድለው በዚያ በኩል ያለው የዳር እይታና በሁለት ዓይን የሚመዘነው ርቀት ነው። የሣህለ ሥላሴ ዓለም ያልተገመሰው፣ የጃፓኑ ወታደር ዓለም የተገመሰው ለዚህ ነው።

ካርታው ከተገኘ በኋላ የቀረው ጥያቄ በዚያ ያሉት ሕዋሳት ምን ይሠራሉ የሚል ነበር። በ1958 ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ቪዝል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ ቀጭን ሽቦ በድመት የኋላ አንጎል አስገብተው የአንዱን ሕዋስ ድምፅ በማጉያ ያዳምጡ ጀመር። ነጠብጣብ ያለበት መስታወት እያሳዩ ለሰዓታት ቢደክሙም ሕዋሱ ዝም አለ። ኋላ ግን መስታወቱን ከማሳያው ሲያስገቡ ማጉያው ተንጣጣ! ለካስ ሕዋሱን የቀሰቀሰው ነጠብጣቡ ሳይሆን የመስታወቱ ጠርዝ የጣለው ቀጭን የጥላ መስመር ኖሯል። ያም መስመር በአንድ አቅጣጫ ሲያዘም ብቻ ነው። በ1968 በማካክ ዝንጀሮም ይህንኑ አሳዩ፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ሲሸለሙ ከሮጀር ስፔሪ ጋር ተካፈሉ።

ነገሩን በደቦ እንመስለው። ለገብስ አጨዳ የተሰለፉ ሰዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ክብ መሬት ብቻ ያያል። ዳር ቆሞ የሚያዳምጠው ሰው አንድ ሰው ብቻ ሲጮህ አይነቃነቅም፤ ሰልፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያዜም ግን ብድግ ይላል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1962 ያቀረቡት ሐሳብም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ነጥብ ነጥብ የሚያዩ ሕዋሳት በመስመር ተሰልፈው ወሬያቸውን ለአንድ የአንጎል ቅርፊት ሕዋስ ሲያቀብሉ፣ ያ ሕዋስ መስመርን ለይቶ የሚያውቅ ይሆናል። ወሬው ከዚያ ወደ ፊት ይጓዛል። በ1982 አንገርላይደርና ሚሽኪን መንገዱ ሁለት መሆኑን አስረዱ፤ የታችኛው «ምንድን ነው?» ሲል የላይኛው «የት ነው?» ይላል። በ1991 በወጣ ካርታ ደግሞ በማካክ አንጎል ከ30 የሚበልጡ የእይታ ክፍሎች ተቆጠሩ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ወሬው ወደ ፊት ብቻ አለመሄዱ ነው፤ ከላይኞቹም ወደ ታች የሚመለስ ብዙ ክር አለ። የምናውቀውና የምንጠብቀው ነገር በምናየው ላይ እጁን ያስገባል ማለት ነው።

ማካክ በአገራችን ዱር የለም። የቅርብ ዘመዱ ግን በአንኮበር ገደልና በመንዝ ጓሳ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ጭላዳ ማለታችን ነው። ጉም በሸፈነው ገደል አፋፍ ስንቀመጥ ድንጋይ ነው ያልነው ነገር ድንገት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ካወቅነው ወዲያ መልሰን ድንጋይ አድርገን ማየት አይቻለንም። ጭላዳውም በበኩሉ ያየናል። እንደ እኛ ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋሳት አሉትና ቀይን ከአረንጓዴ ይለያል። በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቤተሰብ የሚመሩት ወንዶች ደረታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ይቀላል። እኛ ጌጥ የምንለው ለእነርሱ ማዕረግ ሳይሆን አይቀርም።

እስካሁን ያልነው ለማወቅ ያህል ነው። አሁን የምንለው ግን የሰው ዕጣ ያለበት ነው። ሂዩበልና ቪዝል በ1963 የድመት ግልገልን አንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ለጥቂት ወራት ካቆዩ በኋላ ከፈቱት። ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ አንጎሉ ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣውን ወሬ አልቀበል አለ። ቦታውን ክፍት የነበረው ዓይን ወርሶታል። ያደገ ድመት ላይ ያው ቢደረግ ምንም አልሆነም። ኋላ በዝንጀሮም እንዲሁ ሆነ። ሥራው ጭካኔ አለበት፤ አንክድም። ነገር ግን የእይታ መስመር በልጅነት እንደሚዘረጋ፣ ጊዜውም እንደሚያልፍ ያስተማረን እርሱ ነው።

በአገራችን በ2005 እና በ2006 በተደረገው ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ የግማሹ ያህል ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። ሞራ የጋረዳቸው አዛውንት ቢታከሙ ያያሉ፤ የአንጎላቸው መስመር ድሮ ተዘርግቷልና። ከሞራ ጋር የተወለደ ሕፃን ግን ሌላ ነው። በየቤታችን «ይደግና ይታከማል» ይባላል፤ ለሕፃኑ አዝነው የሚሉት ነው። ሕፃኑ ሲያድግ ግን ጊዜው አብሮ ያልፋል።

በ1688 ሞሊኑክስ የተባለ የአየርላንድ ሰው ለፈላስፋው ሎክ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ ዕውር ሆኖ የተወለደና ሉልን ከኩብ በመዳሰስ የሚለይ ሰው ዓይኑ ቢበራለት በማየት ብቻ ይለያቸዋልን? መልሱ በ2011 ከሕንድ መጣ። ፕራካሽ በተባለ ፕሮጀክት ዘግይተው ዓይናቸው የበራላቸው ልጆች የዳሰሱትን በዓይናቸው ወዲያው መለየት አልቻሉም፤ በቀናት ውስጥ ግን መማር ጀመሩ። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ማከም ከንቱ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣውን ያህል ግን አይሆንም። ፕራካሽ በእነርሱ ቋንቋ ብርሃን ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የታየው ብርሃን ለአንዱ ፍርድ፣ ለሌላው ኮከብ ሆነ። ሳይታይ የሚያልፍም ብርሃን አለ። ክረምት ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንገባ ብሌኑ የነጣ ሕፃን ብናይ፣ ለእናቱ «ይደግ» አንበላት። በተወለደ በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ ከዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት እንንገራት፤ መንገዱን ካላወቀችውም አብረናት እንሂድ።