ስለ ውኃ የሚመሰክር ቀንድ አውጣ

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጦጦ ሥር ተነሥቶ ጉለሌን የሚያቋርጠው የቀጨኔ ወንዝ፣ ወደ አቃቂ ከመውረዱ በፊት የብዙ ቤት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ወንዝ ነው። ሳሙና በየሱቁ ሳይበዛ፣ ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ይህን እንዶድ ከሳይንስ ጋር ያስተዋወቀው ግን የአድዋ ውኃ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት በአድዋ ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከአጣቢዎቹም አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታፈስ ለመኗት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በእኔ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀው፣ የመጀመሪያው ሙከራ በአንዲት አጣቢ እጅ መፈጸሙ ነው። በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ስለ እንዶድ ባደረጉት ጥናት ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

የአድዋው ቀንድ አውጣ የመሰከረው በመሞቱ ነው። ሜርኩሪን፣ እርሳስንና ካድሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች የሚያደርሱት ጉዳት ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም። በጃፓን በሚናማታ፣ በ1956 በሽታው በይፋ ሲታወቅ፣ ሰዎቹ የታመሙት ከባሕሩ ወጥቶ ለገበታ የቀረበውን ዓሣና ዛጎል ለበስ እንስሳ በልተው ነበር። ሜርኩሪው ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕሩ የተለቀቀ ነው። ዛጎል ለበሱ የባሕር እንስሳ ከአንድ ዓለት ላይ ተጣብቆ ውኃውን ቀን ከሌት ያጣራል፤ ብረቱም በሥጋው ውስጥ ይከማቻል። ከወንዝ ወይም ከባሕር የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውኃ የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ነው፤ የእንስሳው ሥጋ ግን የወራትን ታሪክ ይዟል። ኤድዋርድ ጎልድበርግ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1975 የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ በዚህ እንስሳ እንዲጠበቁ ሐሳብ ያቀረቡት ስለዚህ ነው። በሞቃት አገሮች ባሕር ደግሞ ለዚሁ ሥራ አረንጓዴ ዛጎል ያለው ዝርያ ተመርጧል።

ወደ አቃቂ እንመለስ። ቆዳ በክሮሚየም ጨው የሚያለፉ ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ፍሳሻቸውን ወደዚህ ወንዝ ሲለቁ ኖረዋል፤ በወንዙም ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። በ2002 የታተመው የፍሥሐ ኢታና ጥናት በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉትን ብረቶች ለክቷል፤ ባሕር በሌለበት ከተማ ቅጠሉ የዛጎል ለበሱን ቦታ ያዘ ማለት ነው። ነገር ግን ቅጠል ብረትን የሚያገኘው ከውኃው ብቻ ሳይሆን ከአፈሩም፣ ከመንገድ አቧራም ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ጥቂቱን ከጉለሌ በላይ ካለው ከቀጨኔ ምንጭ፣ ጥቂቱን ከታች ከአቃቂ ለቅሞ ሥጋቸውን ጎን ለጎን መመርመር ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።